የዋና ከተማዋ ትምህርት ቤቶች፦ ሥልጣን፣ ገንዘብና የተማሪ ውጤት በዋሽንግተን ዲሲ

ዋሽንግተን ዲሲ በየትኛውም የአሜሪካ ግዛት ሥር አትተዳደርም። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ከተሞች ሕዝቡ የመረጠው የትምህርት ቦርድ ትምህርት ቤቶችን ያስተዳድራል፤ የግዛቱ መንግሥት ደግሞ ከላይ ሆኖ ሕግ ያወጣል፣ በገንዘብም ይደጉማል። የዋሽንግተን ትምህርት ቤቶች ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሆነው ዕድሜያቸው ባለአደራዎች፣ ኮንግረስ፣ ዳኞች የሾሙት ቦርድ፣ ሕዝብ የመረጠው ቦርድ፣ የፋይናንስ ተቆጣጣሪዎችና ከንቲባ ተፈራርቀውባቸዋል። ሥልጣኑ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሸጋገረ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሡ ነበር፦ በጀቱን የሚይዘው ማን ነው? ልጁ ሳይማር ቢቀር ወላጅ የሚጠይቀውስ ማንን ነው? በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1804 እስከ 1861፦ ከባርያ ግብር የተጀመረ ትምህርት

የከተማዋ ምክር ቤት የመጀመሪያውን የሕዝብ ትምህርት ቤት ሕግ ያወጣው በ1804 ነው። በቀጣዩ ዓመት የተሰበሰበው የባለአደራዎች ቦርድ በወቅቱ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩትን ቶማስ ጀፈርሰንን ሊቀመንበር አድርጎ መረጠ፤ ጀፈርሰንም ከኪሳቸው 200 ዶላር አዋጡ። ለትምህርት ቤቶቹ በዓመት እስከ 1,500 ዶላር ተመደበ። የገንዘቡ ምንጭ ግን የዘመኑን ጭካኔ በግልጽ ያሳያል፤ በውሾች፣ በሠረገላ ፈቃድ፣ በመጠጥ ችርቻሮና በባርያዎች ላይ ከተጣለ ግብር የሚሰበሰብ ነበር። በንብረትነት ተቆጥረው ግብር የሚከፈልባቸው ሰዎች ልጆች በዚያው ገንዘብ የሚሠራው ትምህርት ቤት ደጃፍ እንዳይደርሱ ተከለከሉ።

በነፃ የሚማሩት ድሃ ነጮች ብቻ ነበሩ፤ አቅም ያለው ይከፍላል። በዚህ ምክንያት የሕዝብ ትምህርት ቤት የድሃ መጠለያ ተደርጎ ስለሚታይ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ለመላክ ያፍሩ ነበር። ክፍያው ቀርቶ ትምህርቱ ለነጭ ልጆች ሁሉ ነፃ የሆነው በ1840ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው።

ነፃ የወጡ ጥቁሮች ግን የመንግሥትን እጅ አልጠበቁም። በ1807 ጆርጅ ቤል፣ ኒኮላስ ፍራንክሊንና ሞዝስ ሊቨርፑል የተባሉ ከባርነት ነፃ የወጡ ሦስት ሰዎች በከተማዋ ለጥቁር ልጆች የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሦስቱም ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር።

ከ1862 እስከ 1905፦ ሁለት ሥርዓት በአንድ ከተማ

ኮንግረስ በዋሽንግተን ባርነትን በአዋጅ ያስቀረው በሚያዝያ 1862 ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን በደቡብ ግዛቶች ያሉ ባርያዎችን ነፃ ያወጡበት አዋጅ ሥራ ላይ ከመዋሉ ስምንት ወር ቀደም ብሎ ነው። በቀጣዩ ወር የወጣው ሕግ ከጥቁሮች ንብረት ከሚሰበሰበው ግብር 10 በመቶው ለልጆቻቸው ትምህርት እንዲውል አዘዘ። ከባርነት የወጣ ሕዝብ ያለው ንብረት ጥቂት በመሆኑ ገንዘቡም ኢምንት ሆነ። በ1864 ሕጉ ተሻሽሎ ክፍፍሉ በልጆች ቁጥር መጠን እንዲሆን ተደነገገ፤ የከተማዋ ሹማምንት ድርሻውን ላለመልቀቅ ቢያንገራግሩም የሕጉ መሠረት ጸና። በአብዛኛው ደቡብ የጥቁር ተማሪ ድርሻ በነጮች በጎ ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል፣ በዋሽንግተን ግን በሕግ የተጻፈ መብት ነበር።

ከዚህ መሠረት ላይ የበቀለው ተቋም በአሜሪካ የትምህርት ታሪክ ልዩ ቦታ አለው። በ1870 በአስራ አምስተኛው ጎዳና ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለጥቁር ወጣቶች የተከፈተው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአገሪቱ ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው ነበር። በ1891 ኤም ስትሪት ወደተባለው ጎዳና ተዛውሮ በጎዳናው ስም ተጠራ፤ በ1916 ደግሞ ደንባር ተባለ። በ1899 በከተማዋ አራት የአካዳሚክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተሰጠ ፈተና የኤም ስትሪት ተማሪዎች ከሦስቱ የነጮች ትምህርት ቤቶች የሁለቱን ተማሪዎች በለጡ። ለዚህ ብቃት ምክንያቱ መምህራኑ ነበሩ። በከተማዋ የጥቁርና የነጭ መምህር ደመወዝ እኩል ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዎችና መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ለተማሩ ጥቁሮች በራቸውን ስለዘጉ በሌላ ቦታ ፕሮፌሰር የሚሆኑ ሰዎች እዚህ ጠመኔ ይዘው ቆሙ። በኋላ በፓሪስ ሶርቦን ዶክትሬታቸውን ያገኙት አና ጁሊያ ኩፐር ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ የታሪክ ሊቁ ካርተር ውድሰንም አስተምረውበታል። የደም ባንክን ያስፋፉት ዶክተር ቻርልስ ድሩ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው ጥቁር የካቢኔ አባል ሮበርት ዊቨርና የሕግ ባለሙያው ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን የዚህ ትምህርት ቤት ፍሬዎች ናቸው።

በዚሁ ዘመን ከተማዋ ራሷን የማስተዳደር መብቷን አጣች። አጭር ዕድሜ የነበረው የአካባቢ መንግሥት በግዙፍ የመንገድና የፍሳሽ ግንባታ ዕዳ ውስጥ ሲዘፈቅ ኮንግረስ በ1874 አፈረሰው። በ1878 በወጣው ሕግ ሦስት ኮሚሽነሮች በፕሬዚዳንቱ ተሹመው ከተማዋን እንዲመሩ፣ ከበጀቱም ግማሹን የፌዴራሉ መንግሥት እንዲችል ተወሰነ። ነዋሪው ገንዘብ አገኘና ድምፁን ተነጠቀ። የኮሚሽነሮቹ አስተዳደር እስከ 1967 ጸንቷል።

ከ1906 እስከ 1946፦ ዳኞች የሾሙት ቦርድ

በ1906 ኮንግረስ ዘጠኝ አባላት ያሉት የትምህርት ቦርድ አቋቋመ። አባላቱን የሚሾሙት የከተማዋ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች ሲሆኑ፣ ሦስቱ ሴቶች እንዲሆኑ ሕጉ ያስገድድ ነበር። በልማድ ደግሞ ሦስት ጥቁሮችና ስድስት ነጮች ይቀመጡበታል። ቦርዱ የትምህርት ቤቶቹን ዋና ኃላፊ (ሱፐርኢንቴንደንት) ይቀጥራል፣ ሥርዓተ ትምህርት ያጸድቃል፤ ለአንድ ጣሪያ ጥገና የሚሆን ገንዘብ ግን ከኮሚሽነሮቹ አልፎ ከኮንግረስ ኮሚቴዎች ይለምናል። በኮሚቴዎቹ ውስጥ ትልቅ ተሰሚነት የነበራቸው የደቡብ ግዛት ተወካዮች ደግሞ የጥቁር ሕዝብ እኩልነት የማይዋጥላቸው ነበሩ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ባስቆጠረው በዚህ ሥርዓት ሁለቱ የትምህርት ክፍሎች በየፊናቸው አደጉ። ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ከተማዋ ሲጎርፉ ግን የጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች መያዝ ከሚችሉት በላይ ሞሉ።

ከ1947 እስከ 1954፦ ፀጉር አስተካካዩና ፍርድ ቤቱ

የመለያየት ሥርዓት የተሰነጠቀው በወላጆች ቁጣ ነው። ብራውን የተባለው የጥቁሮች መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪው ስለበዛበት በፈረቃ ያስተምር ነበር፤ በአቅራቢያው ያሉ የነጮች ትምህርት ቤቶች ደግሞ ባዶ ክፍሎች ነበሯቸው። በ1947 መጨረሻ ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤቱ አስቀርተው አድማ መቱ። መሪያቸው ጋርድነር ቢሾፕ የሚባሉ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። በከተማዋ የተማሩና የናጠጡ የጥቁር ማኅበረሰብ አባላት ብዙ ነበሩ፤ ይህን ጉዳይ ያነሡት ግን ሠርቶ አደሮች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ቢሾፕ ከሕግ ባለሙያው ከቻርልስ ሂውስተን ጋር ተገናኝተው ክስ መመሥረት ጀመሩ። ሂውስተን በጠና ታመው በ1950 ከመሞታቸው በፊት ጉዳዩን ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው የሕግ መምህር ለጄምስ ናብሪት አስረከቡ። በዚያው ዓመት መስከረም ቢሾፕ 11 ልጆችን ይዘው አዲስ ወደተሠራው ወደ ሱዛ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዱ። ባዶ ክፍሎች እያሉ ልጆቹ በቀለማቸው ምክንያት ተመለሱ። ናብሪት ከሂውስተን ስልት ወጣ ያለ መንገድ መረጡ፤ የጥቁሮቹ ሕንፃዎች ከነጮቹ ያንሳሉ ብለው ከመከራከር ይልቅ መለያየቱ በራሱ ሕገ መንግሥትን ይጥሳል ብለው ተነሡ።

ዋሽንግተን ግዛት ስላልሆነች አንድ የሕግ እንቅፋት ነበር። ግዛቶች ዜጎችን በእኩልነት እንዲጠብቁ የሚያስገድደው የ14ኛው ማሻሻያ አንቀጽ በእሷ ላይ አይሠራም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 17 ቀን 1954 በግዛቶች ትምህርት ቤቶች መለያየትን ከሻረው ከታዋቂው የብራውንና የትምህርት ቦርድ ውሳኔ ጋር በአንድ ቀን ባሳለፈው በቦሊንግና ሻርፕ ጉዳይ፣ የፌዴራሉን መንግሥት የሚያስገድደውን 5ኛውን ማሻሻያ መሠረት አድርጎ መለያየቱን ሻረ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዋና ከተማዋ አርአያ እንድትሆን ስለፈለጉ በደቡብ ዓመታት የፈጀው የውሕደት ሥራ እዚህ በዚያው መስከረም ተጀመረ። ነጭ ተማሪዎች ለቀናት ከክፍል ወጥተው ተቃወሙ፤ ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ።

ከ1955 እስከ 1967፦ አዲስ ግድግዳ በክፍል ውስጥ

ነጭ ቤተሰቦች ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከተሞች እየፈለሱ ሄዱ። በ1967 ከከተማዋ 10 የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከ9 በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ። ሱፐርኢንቴንደንት ካርል ሃንሰን ተማሪዎችን የላቀ (ኦነርስ)፣ የኮሌጅ መሰናዶ፣ አጠቃላይና መሠረታዊ በሚሉ አራት መስመሮች የሚመድብ ሥርዓት ዘርግተው ነበር። ሃንሰን ውሕደቱን በቅንነት የደገፉ ሰው ናቸው፤ ዕቅዳቸውም ለእያንዳንዱ ልጅ በአቅሙ ማስተማር የሚል ነው። በተግባር ግን አንድ ልጅ ገና በለጋ ዕድሜው በወሰደው የችሎታ ፈተና መሠረታዊ መስመር ውስጥ ከገባ የሚወጣበት መንገድ እምብዛም አልነበረም። እዚያ የሚገኙትም በአብዛኛው ድሆችና ጥቁሮች ነበሩ።

የመንግሥት ሠራተኛና የመብት ታጋይ የነበሩት ጁሊየስ ሆብሰን ሃንሰንንና ቦርዱን ከሰሱ። ዳኛው ስኬሊ ራይት በሰኔ 1967 የሰጡት ውሳኔ የሒሳብ መዝገቡን ገልጦ አየ። ነጮች በሚበዙባቸው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ተማሪ የሚወጣው መካከለኛ ወጪ በዓመት 392 ዶላር ሲሆን ጥቁሮች በሚበዙባቸው 292 ዶላር ነበር። ለምደባው የዋለው ፈተናም የነጭ መካከለኛ መደብ ልጆችን መለኪያ አድርጎ የተዘጋጀ መሆኑን ዳኛው አሳዩ። የመስመር ሥርዓቱ ታገደ፤ ሃንሰንም ሥራቸውን ለቀቁ። አራት ዓመት ቆይቶ ዳኛው በትምህርት ቤቶች መካከል ለአንድ ተማሪ በሚወጣው የመምህራን ደመወዝ ያለው ልዩነት ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ አዘዙ። በአሜሪካ የትምህርት ፍትሕ በገንዘብ ክፍፍል ሲለካ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ውሳኔዎች አንዱ ይህ ነው።

ከ1968 እስከ 1994፦ ሕዝብ የመረጠው ቦርድ

በ1968 ኮንግረስ የትምህርት ቦርዱ 11 አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ። ከ1870ዎቹ ወዲህ የዋሽንግተን ነዋሪ የአካባቢ ሹም ሲመርጥ የመጀመሪያው ነበር፤ ከንቲባና ምክር ቤት ለመምረጥ ገና ስድስት ዓመት ይቀረው ነበር። ስለዚህ ቦርዱ የትምህርት ጉዳይ መወሰኛ ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ መፈልፈያ ሆነ። ሆብሰን በመጀመሪያው ምርጫ ካሸነፉት አንዱ ነበሩ፤ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከንቲባ የሆኑት ማሪየን ባሪም ወደ ሥልጣን የወጡት የቦርዱ ሊቀመንበር ሆነው ነው።

የ1973ቱ ራስን የማስተዳደር ሕግ ሲጸድቅ ግን አንድ ጉድለት አብሮ ተተከለ። ቦርዱ ትምህርት ቤቶችን ይመራል፣ በጀት ግን አይወስንም፤ ከንቲባውና ምክር ቤቱ ጠቅላላውን ገንዘብ ይወስናሉ፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል ግን አያዝዙም፤ ኮንግረስ ደግሞ ሁሉንም የመሻር ሥልጣኑን እንደያዘ ነው። ጣሪያ ሲያፈስ ቦርዱ ገንዘብ አልተሰጠኝም ይላል፣ ከንቲባው ደግሞ የሰጠሁት ገንዘብ የት ገባ ይላል። በዚህ ምልልስ መካከል ሱፐርኢንቴንደንቶች ቶሎ ቶሎ ተቀያየሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ 150 ሺህ ገደማ የነበረው የተማሪ ቁጥር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 80 ሺህ ወረደ። ለብዙ ተማሪ የተሠሩት ሕንፃዎች ግን አብዛኞቹ ሳይዘጉ ቀሩ፤ ባዶ ክፍሎችን ማሞቅ ከጥገናው ላይ ገንዘብ ወሰደ።

በዚህ ዘመን ከዋሽንግተን ለመላው አገር የተረፈ አንድ ትልቅ ድል አለ። በ1972 በሚልስ ጉዳይ የፌዴራል ፍርድ ቤት የአካል ጉዳት ወይም የባሕርይ ችግር አለባቸው ተብለው ከትምህርት ቤት የተገለሉ ልጆች የመማር መብት እንዳላቸው ወሰነ። ቦርዱ ገንዘብ የለኝም ብሎ ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ የገንዘብ እጥረት ቢኖር እንኳ ጉዳቱ በእነዚህ ልጆች ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም አለ። በ1975 የወጣው የልዩ ፍላጎት ትምህርት የፌዴራል ሕግ ከዚህ ውሳኔ ብዙ ወስዷል። ከተማዋ ራሷ ግን ልጆቹን የሚያስተናግድ በቂ አገልግሎት ስላላደራጀች ለአሥርት ዓመታት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ግል ትምህርት ቤቶች ስትልካቸው፣ ክፍያውና ትራንስፖርቱ የበጀቷን ትልቅ ክፍል በላ።

ኢትዮጵያውያን ወደ ዋሽንግተን በብዛት መምጣት የጀመሩት በዚሁ ጊዜ፣ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ነው። በአዳምስ ሞርጋንና በዩ ስትሪት አካባቢ የሰፈሩት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ያስገቡት በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ነበር። ብዙዎቹ አቅማቸው ሲፈቅድ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሲሄዱ፣ ከቤት ዋጋ ጋር የልጅ ትምህርት ቤትም የውሳኔው አካል ነበር።

ከ1995 እስከ 2006፦ ሥልጣኑ እንደገና ተነጠቀ

በ1995 ከተማዋ 722 ሚሊዮን ዶላር ጉድለት ይዛ ለኪሳራ ተቃረበች። ኮንግረስ አምስት አባላት ያሉት የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ቦርድ አቋቋመ። በኅዳር 1996 ተቆጣጣሪዎቹ በትምህርት ቤቶች ላይ ያወጡት ሪፖርት እጅግ ከባድ ነበር፤ ልጆች በሥርዓቱ ውስጥ በቆዩ ቁጥር የመሳካት ዕድላቸው እንደሚቀንስ፣ ይህም የሚሆነው መሳካት ስለማይችሉ ሳይሆን ሥርዓቱ ለስኬት ስለማያዘጋጃቸው መሆኑን ገለጸ። የትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር የተማሪውንም ሆነ የሠራተኛውን ቁጥር በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም። ሱፐርኢንቴንደንቱ ተነሡ፤ የተመረጠው ቦርድም ሥልጣኑ ተገፎ ስሙ ብቻ ቀረ። ትምህርት ቤቶቹ ለጡረተኛው ጄኔራል ጁሊየስ ቤክተን ተሰጡ።

ጄኔራሉ ብዙ ጦር የመሩ ሰው ቢሆኑም የትምህርት ቤት ጣሪያ አሸነፋቸው። ወላጆች በእሳት አደጋ ደንብ ጥሰት ከስሰው ስለነበር ሰው ባለበት ሕንፃ ላይ ጣሪያ መጠገን በፍርድ ቤት ታገደ። ስለዚህ በ1997 የትምህርት መክፈቻው ሦስት ሳምንት ዘገየ። ቤክተን በቀጣዩ ዓመት ለቀቁ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዘላቂ ለውጥ ያመጣው በ1996 ኮንግረስ ያወጣው የቻርተር ትምህርት ቤቶች ሕግ ነው። ቻርተር ትምህርት ቤት በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ፣ ተማሪውን የማያስከፍል፣ ግን በራሱ ቦርድ የሚተዳደር ነው። ሕጉ ገንዘቡ ለእያንዳንዱ ተማሪ በአንድ ቀመር እንዲሰላ ስላደረገ፣ ተማሪው ወደ ቻርተር ሲሄድ ገንዘቡም ይከተለዋል። በ1997 ደግሞ የቆየው የፌዴራል ድጎማ ቀረ፤ በምትኩ የፌዴራሉ መንግሥት እስር ቤቶችንና የተከማቸውን የጡረታ ዕዳ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን በዋናነት የሚሸከመው የነዋሪው ግብር ነው።

ከተማዋ አራት ተከታታይ ሚዛናዊ በጀት ካሳየች በኋላ ተቆጣጣሪዎቹ በ2001 ሥራቸውን አቆሙ። በ2000 በጠባብ ልዩነት በጸደቀ ሕዝበ ውሳኔ የትምህርት ቦርዱ ከፊሉ የተመረጠ፣ ከፊሉ በከንቲባው የተሾመ ሆነ። ይህ መካከለኛ መንገድ ማንንም ሳያረካ ሰባት ዓመት ቆየ። በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ግን ለአማርኛ ተናጋሪው ወላጅ ትርጉም ነበረው፤ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ቅጽም ከነዚህ አንዱ ነው።

ከ2007 እስከ 2010፦ ከንቲባውና ሚሼል ሪ

በ2006 የተመረጡት ወጣቱ ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ ገና ከመነሻቸው ትምህርት ቤቶቹ በቀጥታ በእጃቸው እንዲገቡ ጠየቁ። ኒውዮርክ ከአምስት ዓመት በፊት ይህንኑ አድርጋ ነበር። ምክር ቤቱ አጸደቀ፣ ኮንግረስም ተስማማ፤ ለሕዝበ ውሳኔ ግን አልቀረበም። በ2007 የትምህርት ቦርዱ የማስተዳደር ሥልጣኑን አጥቶ መመዘኛ የሚያጸድቅ አካል ብቻ ሆነ። ለ30 ዓመታት የዘለቀው ጣት መጠቋቆም በዚህ አበቃ፤ የሚጠየቀው አንድ ሰው ሆነ።

ፌንቲ የትምህርት ቤቶቹ ኃላፊ (ቻንስለር) አድርገው የሾሟቸው ሚሼል ሪ የ37 ዓመት ሴት ነበሩ። በባልቲሞር ለሦስት ዓመት አስተምረዋል፤ መምህራን የሚመለምል ድርጅትም መሥርተዋል፤ የትምህርት ቤት ሥርዓት ግን መርተው አያውቁም። በ2008 23 ትምህርት ቤቶችን ዘጉ፤ ባዶ ሕንፃ ላይ የሚባክነው ገንዘብ ምክንያታቸው ነበር። በ2009 ኢምፓክት የተባለውን የመምህራን ምዘና ጀመሩ። መምህሩ በዓመት ብዙ ጊዜ በክፍል ውስጥ ይታያል፤ ፈተና በሚሰጥባቸው ክፍሎች ደግሞ ተማሪዎቹ ከተጠበቀባቸው በላይ ወይም በታች መሻሻላቸው ይሰላል። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ይሰናበታል። በሐምሌ 2010 241 መምህራን ተሰናበቱ፣ 165ቱ በምዘናው ውጤት ምክንያት ነበር። በዚያው ዓመት ከመምህራን ማኅበሩ ጋር የተፈረመው ውል በሌላ ወገን ለምርጥ መምህራን በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ጉርሻ ፈቀደ፤ ገንዘቡ በመጀመሪያ ከግል በጎ አድራጎት ተቋማት የመጣ ነው።

ምዘናው ሥራውን አልሳተም። የስታንፎርድና የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቆይተው እንዳሳዩት፣ ደካማ የተባሉ መምህራን ሲለቁ በተተኩት ሥር የተማሪዎች ውጤት ተሻሽሏል። የሪ ስሕተት ሰውን የያዙበት መንገድ ነው። ሠፈርተኛው የሚያውቃቸው መምህራንና ርዕሰ መምህራን ሲባረሩ፣ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ወላጅ የሚሰማው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነበር። ሪ በታይም መጽሔት ሽፋን ላይ መጥረጊያ ይዘው ሲታዩ ብዙ ጥቁር ቤተሰቦች የተጠረጉት እነሱ እንደሆኑ ተሰማቸው። በ2010 የፓርቲ ምርጫ ፌንቲ የነጮችን ሠፈሮች አሸንፈው የጥቁሮቹን አጡ፤ በቪንሰንት ግሬይ ተሸነፉ። ሪ በጥቅምት ለቀቁ።

ከ2011 እስከ 2019፦ ያደገው ውጤትና የተጋነነው ቁጥር

የሪ ምክትል የነበሩት ካያ ሄንደርሰን ሥርዓቱን ጠብቀው አነጋገሩን አለሰለሱት። በ2011 ዩኤስኤ ቱዴይ በብዙ ትምህርት ቤቶች የመልስ ወረቀቶች ላይ ከተሳሳተ ወደ ትክክለኛ የተለወጡ መልሶች ከወትሮው በላይ መብዛታቸውን አጋለጠ። የከተማዋ ዋና ኢንስፔክተር ሰፊ ማጭበርበር አላገኘሁም ብለው ዘጉት፤ ምርመራው ግን በዋናነት በአንድ ትምህርት ቤት ላይ የተወሰነ ስለነበር ጥርጣሬው አልጠፋም።

ትምህርት ቤቶች ራሳቸው በማያርሙትና በማይዘጋጁበት የአገር አቀፍ ምዘና የታየው ለውጥ ግን ሊካድ አይችልም። የቻርተር ተማሪዎችን ጨምሮ የከተማዋ አራተኛ ክፍል የሒሳብ አማካይ በ2003 ከነበረበት 205 በ2019 ወደ 235 ከፍ አለ፤ በአገሪቱ ከፍተኛ ከሚባሉት መሻሻሎች አንዱ ነው። ዕድገቱ ከሪ በፊት መጀመሩም መታወስ አለበት። ከተማዋ በ2008 ሕግ ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕፃናት ነፃ ትምህርት ማስፋፋቷ፣ ሕንፃዎችን በቢሊዮኖች ዶላር ማደሷ፣ የነዋሪው ስብጥር መለወጡም ድርሻ አላቸው። ለአርባ ዓመታት ሲቀንስ የኖረው የተማሪ ቁጥርም ማደግ ጀመረ።

ያልተለወጠው በጥቁርና በነጭ ተማሪ መካከል ያለው ርቀት ነው። የከተማዋ ነጭ ተማሪዎች በአገሪቱ ከፍተኛውን ውጤት ከሚያመጡት መካከል ሲሆኑ፣ ልዩነቱ ከአገሪቱ ሰፊዎቹ አንዱ ሆኖ ቀጠለ። በ2014 ለተቸገሩ ልጆች ተጨማሪ ገንዘብ በቀመሩ ውስጥ ገባ፤ የከተማዋ ኦዲተር ግን ገንዘቡ በብዙ ትምህርት ቤቶች ለመደበኛ ወጪ መሸፈኛ እየዋለ መሆኑን አሳዩ።

በ2017 መጨረሻ ትልቅ ውድቀት ተጋለጠ። ባሉ የተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመራቂዎቹ ሁሉ ኮሌጅ ተቀባይነት አገኙ ተብሎ ተወድሶ ነበር። ጋዜጠኞች መዝገቡን ሲያዩ ከተመራቂዎቹ ብዙዎቹ ለወራት ከክፍል የቀሩ ነበሩ። ከተማዋ ያስደረገችው ምርመራ ከ2,758 የዓመቱ ተመራቂዎች 937ቱ፣ ማለትም 34 በመቶው፣ ደንብ ተጥሶ ዲፕሎማ እንደተሰጣቸው አረጋገጠ። ርዕሳነ መምህራን በምረቃ መጠን ይመዘኑ ነበር፤ ግፊቱ ከላይ ወደ ታች ወርዶ መምህሩን ያልመጣ ተማሪ እንዲያሳልፍ አደረገው። በ2018 መጀመሪያ ቻንስለር አንቷን ዊልሰን ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ምደባ ዕጣ ውጪ ረጅም ተጠባባቂ ወዳለበት ትምህርት ቤት በማዛወራቸው ሥራቸውን ለቀቁ። ቆይቶ ሊዊስ ፌረቢ በቦታቸው ተሾሙ።

ከ2020 ወዲህ፦ ወረርሽኙና የኮንግረስ እጅ

ኮቪድ ትምህርት ቤቶቹን በመጋቢት 2020 ዘጋ፤ ሁሉም ተማሪ ወደ ክፍል የተመለሰው በነሐሴ 2021 ነው። በ2022 የከተማዋ ፈተና በሒሳብ የሚፈለገውን ደረጃ ያሟላው ተማሪ ከ31 በመቶ ወደ 19 በመቶ ወርዶ ተገኘ። የአራተኛ ክፍል የአገር አቀፍ ሒሳብ ውጤት ደግሞ 12 ነጥብ አጣ። በ2021/22 የትምህርት ዘመን ከተማሪዎቹ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ከትምህርት ቀኖች 10 በመቶና ከዚያ በላይ ቀርተዋል። የፌዴራሉ የወረርሽኝ ድጎማ ለተጨማሪ አስጠኚዎችና ለማካካሻ ትምህርት ዋለ፤ በ2024ም የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ከጠፋው 10 ነጥብ መልሶ አገኘ። ድጎማው ግን በዚያው ዓመት አበቃ፤ ከክፍል የሚቀረው ተማሪም አሁንም ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እጅግ ይበልጣል።

ዛሬ በከተማዋ መደበኛና ቻርተር ትምህርት ቤቶች በድምሩ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ይማራሉ፤ ከግማሽ ጥቂት የሚያንሱት በቻርተር ትምህርት ቤቶች ናቸው። ከንቲባው የሚያዝዘው ሌላውን ግማሽ ብቻ ነው።

በመጋቢት 2025 ኮንግረስ ባጸደቀው የፌዴራል በጀት ሕግ ላይ ዋሽንግተን የራሷን በጀት እንድትጠቀም የሚፈቅደው የተለመደው አንቀጽ ሳይገባ ቀረ። ከተማዋ ከነዋሪዎቿ ግብር የሰበሰበችውንና ትምህርት ቤቶችን ጨምሮ ለዓመቱ ያጸደቀችውን ገንዘብ፣ በበጀት ዓመቱ አጋማሽ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዳታወጣ ታገደች። ሴኔቱ ማስተካከያውን ወዲያው ቢያሳልፍም የተወካዮች ምክር ቤት ለድምፅ ሳያቀርበው ወራት አለፉ። የዋሽንግተን ነዋሪዎች ዛሬም በሁለቱም ምክር ቤቶች ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ የሚሰጥ አንድም ተወካይ የላቸውም።